የማዕድን ቁፋሮና የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፤ ከዋልታ ምድር እስከ ምዕራብ ሐረርጌ ካባዎች

የማዕድን ፖሊሲ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል። በመሬት ውስጥ ያለው ሀብት የማን ነው? ማን፣ በምን ቅድመ ሁኔታ ያወጣዋል? ሥራው ሲያበቃ የተቆፈረውን መሬት ማን፣ በማን ገንዘብ ወደ ቀድሞ ጥቅሙ ይመልሰዋል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በብዙ አገሮች ሕግ ግልጽ መልስ አላቸው። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማዕድኑ አልቆ፣ አምራቹም ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዕዳው በመንግሥትና በአካባቢው ነዋሪ ላይ ይወድቃል።

ይህ ሦስተኛ ጥያቄ አጥብቆ የሚያስጨንቀው መሬቱ ራሱን በቶሎ በማይጠግንበት ቦታ ነው። የምድር ሁለቱ ዋልታዎች ለዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። በዚያ ቅዝቃዜ ዕፅዋት የሚያድጉት እጅግ በዝግታ ነው፤ ቆሻሻም ቶሎ አይበሰብስም። በአንድ በጋ የተተወ የተሽከርካሪ ዱካ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይጠፋ ይታያል። እንደ ምዕራብ ሐረርጌው ጨርጨር ባሉ ተዳፋት ደጋዎችም፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም፣ ችግሩ ይመሳሰላል። ከገደላማ መሬት ላይ በጎርፍ የተጠረገ አፈር በአንድ ትውልድ ዕድሜ አይተካም። ስለዚህ የዋልታዎቹ ሕጎች ለጭሮ፣ ለሂርና፣ ለበዴሳ፣ ለገለምሶና ለሚኤሶ ነዋሪም የሚነግሩት ነገር አለ።

በመጀመሪያ የደቡብ ዋልታ። የአንታርክቲካ ስምምነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 በዋሽንግተን በ12 አገሮች ተፈረመ። ከፈራሚዎቹ መካከል ከአፍሪካ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች። ስምምነቱ አህጉሩን ለሰላምና ለሳይንስ ሲተው ስለ ማዕድን ግን ምንም አላለም። ክፍተቱን ለመሙላት በ1988 በኒውዚላንድ ዌሊንግተን ሌላ ስምምነት ተዘጋጀ። ይህኛው ቁፋሮን ፈጽሞ አልከለከለም፤ በቁጥጥር ሥር እንዲካሄድ ይፈቅድ ነበር። በተከታዩ ዓመት አውስትራሊያና ፈረንሳይ አንቀበልም በማለታቸው ሳይጸና ቀረ። በምትኩ በ1991 በማድሪድ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ በ1998ም በሥራ ላይ ዋለ። የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 7 አጭር ነው፤ ከሳይንሳዊ ምርምር በቀር ማንኛውም ከማዕድን ሀብት ጋር የተያያዘ ሥራ ክልክል ነው ይላል። ክልከላው በ2048 ያበቃል የሚለው በሰፊው የሚወራ አባባል ስህተት ነው። በዚያን ጊዜ የሚመጣው ለውጥ በስምምነቱ ድምፅ ካላቸው አገሮች አንዱ ፕሮቶኮሉ እንዲከለስ መጠየቅ መቻሉ ነው። ቁፋሮን የሚገዛ አስገዳጅ ሕግ አስቀድሞ ካልጸና ክልከላው አይነሳም።

ወደ ሰሜን ሲኬድ መንገዱ ይለያል፤ በዚያ ሰው ይኖራል፣ ማዕድንም ይወጣል። ስቫልባርድ የሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች በ1920 በተፈረመ ስምምነት ይተዳደራሉ። ስምምነቱ ሉዓላዊነቱን ለኖርዌይ ሰጥቶ፣ የፈራሚ አገሮች ዜጎች በእኩልነት ማዕድን እንዲያወጡ ፈቀደ። ኖርዌይ ደግሞ ለደሴቶቹ የተለየ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ በ2001 አወጣች፤ አብዛኛው የደሴቶቹ መሬትም በጥበቃ ሥር ነው። ስቬያ የተባለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሲዘጋ የሕጉ ጉልበት ታየ። ሕንፃው፣ መንገዱና የተከማቸው ፍርስራሽ ተነሥቶ መሬቱ በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ። ግሪንላንድ ደግሞ በ2021 የዩራኒየም ፍለጋና ማውጣትን በሕግ ከለከለች። ክልከላው ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ የሚገኘውን ዩራኒየም ጭምር ስለሚመለከት ትልቅ የብርቅዬ ማዕድናት ፕሮጀክት እንዲቆም አድርጓል።

የተገላቢጦሹን ታሪክ የምታሳየው ሰሜናዊ ካናዳ ናት። በየሎናይፍ ከተማ አጠገብ ጃያንት የተባለው የወርቅ ማዕድን ከ1948 እስከ 2004 ሠርቷል። ወርቁን ከዓለቱ ለመለየት ዓለቱ ሲቃጠል አርሴኒክ የተባለው መርዝ በብናኝ መልክ ይወጣ ነበር። 237 ሺህ ቶን የሚሆን ይህ መርዛም ዱቄት በማዕድኑ ዋሻዎች ውስጥ ተከማችቶ ቀረ። በ1999 ባለቤቱ ኩባንያ ሲከስር ኃላፊነቱ ወደ መንግሥት ዞረ። አሁን መርዙ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ እንዳይገባ ዙሪያውን ያለውን ዓለት በረዶ አድርጎ የማቆየት ሥራ በግብር ከፋዩ ገንዘብ ይካሄዳል። የፕሮጀክቱ ጠቅላላ ወጪ ከ4 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ እንደሚሆን ተገምቷል።

ከዋልታዎቹ ታሪክ ሦስት የሕግ ዓይነቶች ይለያሉ። አንደኛው ፈጽሞ መከልከል ነው፤ አንታርክቲካ። ሁለተኛው ፈቅዶ፣ መልሶ የማስተካከል ግዴታን ከፈቃዱ ጋር ማሰር ነው፤ ስቫልባርድ። ሦስተኛው ፈቅዶ የመጨረሻውን ጥያቄ ለነገ ማሳደር ነው፤ ጃያንት። የኢትዮጵያ ሕግ በጽሑፉ የሚመደበው ከሁለተኛው ጋር ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ መነሻ ሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ገበሬው በይዞታው ሥር የሚገኘው ማዕድን ባለቤት አይደለም፤ ፈቃድ ያወጣ ሰውም ባለቤት የሚሆነው ባመረተው እንጂ በመሬቱ አይደለም። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በዚያው አንቀጽ፣ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት ተሰጥቷቸዋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ማንኛውም የልማት እርምጃ የአካባቢን ደኅንነት የማያናጋ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣል።

ከሕገ መንግሥቱ ቀጥሎ የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ በ1989 ዓ.ም. ጸደቀ። ፖሊሲው ለማዕድን ሀብት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች በተከታታይ ቁጥር ወጡ። አዋጅ ቁጥር 299 ስለ አካባቢ ተጽእኖ ግምገማ፣ አዋጅ ቁጥር 300 ስለ አካባቢ ብክለት ቁጥጥር ናቸው። የማዕድኑን ሥራ ራሱን የሚገዛው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ በ2006 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት በ1985 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ነበር፤ እሱም በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ብቻ የነበረውን ዘርፍ ለግል ባለሀብት የከፈተ ነው።

የማዕድን አዋጁ የማምረት ፈቃዶችን በሥራው ስፋት ይለያል። በታች ያለው ባህላዊ ማዕድን ማምረት ነው፤ በእጅ መሣሪያ የሚሠራ። ከዚያ በላይ አነስተኛ፣ በመጨረሻም ከፍተኛ ደረጃ ይመጣሉ። የከፍተኛ ደረጃ ፈቃድ ቢበዛ 20 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም ለ10 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ሥልጣኑ በፌዴራልና በክልል የተከፈለ ነው። የወርቅና የሌሎች ብረት ነክ ማዕድናት ትላልቅ ፈቃዶች፣ የውጭ ባለሀብት የገባባቸው ሥራዎችም ወደ ማዕድን ሚኒስቴር ይሄዳሉ። የባህላዊ ማምረት ፈቃድና ለአገር ውስጥ ባለሀብት የሚሰጠው የኮንስትራክሽን ማዕድናት ፈቃድ የክልሉ ሥልጣን ነው። ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ገረጋንቲ የሚገቡት በዚህ ክፍል ነው። ስለዚህ የምዕራብ ሐረርጌ ካባ ፈቃድ በአብዛኛው የሚመለከተው የኦሮሚያን መሥሪያ ቤቶች ነው።

ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የአካባቢ ተጽእኖ ግምገማ ይቀድማል። በአዋጅ ቁጥር 299 መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። የማዕድን ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው አካልም ይህ ይሁንታ መገኘቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ጥናቱን የሚያስጠናው ባለፕሮጀክቱ ነው፤ ወጪውም የእሱ ነው። የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን መርምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል፣ በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ በተለይ ጉዳቱ ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ አስተያየቱም በውሳኔው እንዲታይ አዋጁ ያዛል። ጉዳት ከአንድ ክልል አልፎ ሌላውን የሚነካ ከሆነ መርማሪው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው።

የመዝጊያው ጉዳይም በማዕድን አዋጁ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። የአነስተኛና የከፍተኛ ደረጃ ባለፈቃድ ላደረሰው የአካባቢ ጉዳት ማስተካከያ የሚሆን ገንዘብ መመደብ አለበት። በዚህ ላይ በሚሠራበት አካባቢ ለሚኖረው ሕዝብ ልማት ድርሻ እንዲያዋጣ ይገደዳል። ለመንግሥት የሚከፈለው ሮያሊቲ ከዚህ የተለየ ነው። ለኮንስትራክሽን ማዕድናት 3 በመቶ፣ ለኢንዱስትሪ ማዕድናት 4 በመቶ ነው። ሮያሊቲ የሀብቱ ዋጋ እንጂ የጉዳቱ ካሳ አይደለም፤ ሮያሊቲ የከፈለ ሰው ጉድጓድ ትቶ የመሄድ መብት አይገዛም።

ሕጉ በተግባር የተፈተነበት ጎልቶ የሚታወቀው ቦታ በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ የሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ነው። ማዕድኑ ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ኩባንያ በ172 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ ለ20 ዓመት ፈቃድ ተሰጠው። ወርቁ ከዓለቱ የሚለየው በሳያናይድ ነው። ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚወጣው ፍሳሽ ሰውንና ከብትን ጎድቷል፣ ሕፃናትም አካላዊ ችግር ይዘው እየተወለዱ ነው ሲሉ ለዓመታት አቤት አሉ፤ ኩባንያው አስተባበለ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ በጉጂና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። የማዕድን ሚኒስቴሩ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱን አገደ፤ የጤናና የአካባቢ ጥናት እንዲካሄድም ተደረገ። ማዕድኑ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ለገደንቢ የሚያስተምረው ስለ ጊዜ ነው። የተጽእኖ ጥናትና የሕዝብ አስተያየት በአዋጅ ቁጥር 299 መሠረት የሚቀድሙት ፈቃዱን ነው፤ በለገደንቢ ግን ጎልተው የመጡት ከ20 ዓመት ምርት በኋላ፣ በተቃውሞ ግፊት ነበር።

ምዕራብ ሐረርጌ እንደ ለገደንቢ ያለ ግዙፍ የወርቅ ማዕድን የለውም። ያለው በየከተማው ዳር የሚታየው የድንጋይ ካባ፣ በየወንዙ የሚጫነው አሸዋ ነው። የዞኑ መሬት በንብርብር የተሠራ ነው። በደጋው ላይ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ይገኛል። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና በጁራሲክ ዘመን ባሕር አካባቢውን በሸፈነ ጊዜ የተፈጠረው የኖራ ድንጋይ አለ። ባዛልቱ ለመሠረት፣ ለጠጠርና ለኮብልስቶን፣ የአሸዋ ድንጋዩና የኖራ ድንጋዩ ለግንብ ይሆናሉ። ከዞኑ በስተምሥራቅ በድሬዳዋ ያለው የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተቋቋመበት፣ ጥሬ ዕቃው ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው።

ፍላጎቱን የሚያሳድጉት ከተሞቹና መንገዶቹ ናቸው። ጭሮ ወይም አሰበ ተፈሪ በፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የጨርጨር አስተዳዳሪነት ዘመን በዕቅድ የለማች ከተማ ናት። ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማና የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ጅግጅጋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከሥሯ በቆላው ያለችው ሚኤሶ ደግሞ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሲሠራ የሁለቱ ቻይናውያን ሥራ ተቋራጮች ክፍል የተገናኘባት ናት። ፎቅ፣ መንገድ፣ ድልድይና ሐዲድ ሁሉ ከአካባቢው ድንጋይና አሸዋ ይጠይቃሉ። ድንጋይና አሸዋ ከባድ ጭነት በመሆናቸው ርቀት ዋጋቸውን ያንራል፤ ካባም ሁልጊዜ ከሚፈለግበት ቦታ አጠገብ ይከፈታል። ከዚህ ሥራ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች፣ የጭነት ሠራተኞችና የገልባጭ መኪና ባለቤቶች ይተዳደራሉ። ስለዚህ እንደ አንታርክቲካ ፈጽሞ መከልከል ለዚህ አካባቢ መፍትሔ አይሆንም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከውኃ ነው። የጨርጨር ደጋ ውኃ ከፋይ ነው፤ በሰሜን በኩል የሚወርደው ወደ አዋሽ፣ በደቡብ በኩል የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ይገባል። በተዳፋት ላይ የተከፈተ ካባ የአፈሩን ልባስ ያነሣል፤ የወጣው ትርፍ አፈርና ፍርስራሽም በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ በበታቹ ባለው የቡና፣ የጫትና የማሽላ ማሳ ላይ ይደፋል። ገበሬው በእርከን ያቆመውን አፈር ከበላዩ የተከፈተ አንድ ካባ ሊንደው ይችላል።

የአሸዋው ጉዳት ከዚህ የረቀቀ ነው። እንደ ሚኤሶ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ወንዞች ዓመቱን ሙሉ አይፈሱም። በወንዙ ወለል ላይ የተኛው አሸዋ ግን የዝናቡን ውኃ ይዞ ከፀሐይ ይሸሽገዋል፤ ሰውና ከብት በደረቁ ወራት አሸዋውን ጭረው ውኃ የሚያገኙት ለዚህ ነው። አሸዋው ከመጠን በላይ ሲጫን ይህ ማከማቻ ይጠፋል። የወንዙ ወለል ዝቅ ሲል ዳርቻው ይናዳል፣ የድልድይ ምሰሶ መሠረትም ይገለጣል። ለድልድይ መሥሪያ የተወሰደ አሸዋ ሌላ ድልድይ የሚጥልበት ጊዜ አለ።

ክፍት ትቶ መሄድ የሚያመጣው ሌላ ጉዳት ጤናን ይመለከታል። የተተወ ጉድጓድ ዝናብ ሲያቁር ለልጆችና ለከብት አደጋ፣ ለወባ ትንኝም መራቢያ ይሆናል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ይህ ሥጋት አዲስ መልክ ይዟል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኘች። ይህች ዝርያ ሰው በሠራቸው የውኃ ማጠራቀሚያዎችና በግንባታ ቦታዎች በሚጠራቀም ውኃ ስለምትራባ ወባን ወደ ከተማ ታመጣለች፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ጋር ተያይዛለች።

በዞኑ ውስጥ በገንዘብ የማይተካ ሀብትም አለ። ከጭሮ በስተደቡብ፣ በዳሮ ለቡ ወረዳ መቻራ ከተማ አካባቢ፣ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ውኃ የቦረቦራቸው ዋሻዎች ይገኛሉ። አቸሬ፣ አይናጌ፣ ሩኬሳና በሮ ከታወቁት መካከል ናቸው። በዋሻዎቹ ውስጥ ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ወለሉ ላይ የኖራ ዓምድ ያሳድጋል፤ ስታላግማይት ይባላል። አንዳንዶቹ ዓምዶች በየዓመቱ አንድ ቀጭን ንብርብር ይጨምራሉ። በወቅቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተመራማሪ የነበሩት አስፋወሰን አስራትና የውጭ ባልደረቦቻቸው እነዚህን ንብርብሮች አጥንተው በአካባቢው ከሺህ ዓመታት በፊት ዝናብ እንዴት ይፈራረቅ እንደነበር አሳይተዋል። ይህ ከአንታርክቲካ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በዚያ ሳይንቲስቶች ከበረዶው ውስጥ ረጅም ዘንግ ቆርጠው በማውጣት የ800 ሺህ ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ አንብበዋል። አንታርክቲካ ከቁፋሮ የተጠበቀችበት አንዱ ምክንያት ይህን መሰል የሳይንስ ዋጋዋ ነው። የመቻራ ዋሻዎች የያዙት መዝገብ የዝናብ መዝገብ ነው፤ የሚገኙትም ኖራና ሲሚንቶ በሚሠራበት ዓይነት ዓለት ውስጥ ነው። ዓለቱ አንዴ በፈንጂ ከፈረሰ መዝገቡ አይመለስም። በቁኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያም እንዲሁ ነው፤ የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ እንስሳ በመሆኑ መኖሪያው ሲጠፋ የሚተካበት ሌላ አገር የለም። ዞኑ በጠቅላላው ለካባ ክፍት ቢሆን እንኳ እንደነዚህ ያሉት ቦታዎች በካርታ ተለይተው የደቡብ ዋልታውን ዓይነት ሕግ፣ ማለትም ፍጹም ክልከላን፣ ይፈልጋሉ።

ሕጉ ይህን ያህል ተሟልቶ ሳለ በካባው ላይ የሚላላው ለምንድን ነው? አራት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የስፋት ጉዳይ ነው። የማዕድን አዋጁ የአካባቢ ተጽእኖ ጥናትን ከባህላዊ ማዕድን አምራች አይጠይቅም፤ መልሶ ለማስተካከል ገንዘብ የመመደብ ግዴታውም የአነስተኛና የከፍተኛ ደረጃ ባለፈቃዶች ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አካፋና ዶማ ይዞ የሚሠራ ሰው የጥናት ወጪ ሊሸከም አይችልም። ነገር ግን በአንድ ወንዝ ላይ 20 ማኅበራት ጎን ለጎን ሲቆፍሩ ድምሩ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ሥራ አያንስም። መልሱ በአዋጅ ቁጥር 299 ውስጥ አለ። አዋጁ የአንድ ፕሮጀክት ተጽእኖ ሲመዘን ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ቦታው፣ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተደምሮ የሚያመጣው ውጤትና የጉዳቱ ተመላሽነትም እንዲታይ ያዛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማኅበር የተለየ ጥናት ከመጠየቅ ይልቅ ወረዳው ለአንድ ወንዝ ወይም ለአንድ ተራራ አንድ የጋራ ጥናት ማስጠናትና በዚያ መሠረት ቦታና መጠን መደልደል ይችላል።

ሁለተኛው የፈቃጅና የተቆጣጣሪ መቀላቀል ነው። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተጽእኖ ጥናትን የመመርመር ሥልጣኑን ማዕድንን ጨምሮ ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ሰጠ። ሥራው ፈጠነ፤ ግን ምርት እንዲያድግ የሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት የምርቱን ጉዳት ዳኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው መሥሪያ ቤት ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ባለሥልጣን ሆኗል። መዋቅር በተደጋጋሚ ሲቀያየር የዞንና የወረዳ ባለሙያዎች ሥራና መዝገብም አብሮ ይናጋል።

ሦስተኛው የቅጣቱ መጠን ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ያለ አካባቢ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ፕሮጀክት የጀመረ ሰው ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር እንደሚቀጣ ተጽፏል። አዋጁ ሲወጣ አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ስለነበር ትልቁ ቅጣት ከ11 ሺህ ዶላር ይበልጥ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያው 100 ሺህ ብር ከ1 ሺህ ዶላር በታች ሆኗል። በቁጥር ተወስኖ የተጻፈ ቅጣት የገንዘቡ ዋጋ በወደቀ ቁጥር ማስፈራቱ ይቀንሳል፤ በምርት ዋጋ መቶኛ የተተመነ ቅጣት ግን ከገበያው ጋር አብሮ ይሄዳል።

አራተኛው የመዝጊያው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በተስፋ ቃል ብቻ ከቀረ እንደ ጃያንት ማዕድን ባለዕዳው በጠፋ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። አስተማማኝ የሚሆነው ምርት ሳይጀመር በዝግ ሒሳብ ሲቀመጥ ወይም ከእያንዳንዱ ጭነት ላይ ትንሽ በትንሹ ሲቆረጥ ነው። ለማኅበራት የሚቀለው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ መኪና ሲጭን የሚከፈለው ገንዘብ ላይ የመዝጊያው ድርሻ ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላል።

በሥርዓት የሚሠራ ካባ አከፋፈቱም አዘጋጉም የታወቀ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የላይኛው ለም አፈር ተገፎ ለብቻው ይከመራል፤ ከፍርስራሽ ጋር አይቀላቀልም። ከካባው በላይ ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቆፈራል፤ ከበታቹ ደለል የሚያስቀር ጉድጓድ ይዘጋጃል። ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች በደረጃ ይወጣል፤ ከሥር ቦርቡሮ ከላይ መናድ የብዙ ሠራተኞችን ሕይወት የሚቀጥፍ አሠራር ነው። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ከመከፈቱ በፊት ያለቀው ይደፈናል፣ ገደሉ ተዳፋት ይደረጋል፣ የተቀመጠው ለም አፈር ይመለሳል። ችግኝና ሣር የሚተከለው ክረምቱ ሲገባ ነው። አሸዋ ሲወጣ ደግሞ ከድልድይና ከውኃ መቅጃ መራቅ፣ የወንዙን ወለል እስከ ዓለቱ አለመጥረግ፣ ዳርቻውንም አለመንካት ያስፈልጋል።

ይህ ሥርዓት ሲጣስ ነዋሪው የሚሄድበት መንገድ በአዋጅ ቁጥር 300 ተቀምጧል። ማንኛውም ሰው ጉዳዩ በግል ይነካኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ አቤት ለማለት የተናደው ማሳ ባለቤት መሆን ግድ አይደለም፤ ጎረቤት፣ መምህር ወይም የዕድር ሰው ሊያመለክት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። የ60 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔ መስጫው ጊዜ ካለፈበት ቀን ነው። ስለዚህ አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ የገባበት ቀን በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ተረጋግጦ ቅጂው በአመልካቹ እጅ መቅረት አለበት።